ወፍራሙ መስመር በየት ይለፍ

ሚያዝያ 6

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ዳገቱን እንዴት ይዞታል? እኔ ለክፉ አልሰጠኝም፤ እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የአባባን ጉልበት በኔ ስም ሳሚልኝ። አጎትሽ ቢሆኑም እንደ ልጅ ሆነሽ አባቴን ስለያዝሽልኝ አመሰግናለሁ፤ ይህን በየደብዳቤው መጻፍ እንዳለብኝ አልረሳሁም፤ ብረሳም ታስታውሺኛለሽ።

ባለፈው በስልክ የተነጋገርነው ግማሹ ጩኸት፣ ግማሹ መቋረጥ ስለነበር በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። በወረቀት ሰው ቢያንስ ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃል።

ነገሩ አጭር ነው። የምሠራበት የካርታ ማተሚያ ቤት የኛን ተራራ የእግረኛ ካርታ እንደገና ሊያወጣ ነው። የምስለው እንደ በፊቱ እኔ ነኝ። ወደ ጫፉ የሚያወጡት መንገዶች ያው ሁለት ናቸው፤ በምሥራቅ ሸለቆውን ይዞ እየዞረ የሚሄደው የስድስት ቀኑ፣ እና በምዕራብ ሸንተረሩን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚወጣው የአራት ቀኑ፣ አባባ በወጣትነታቸው የከፈቱት፣ በቅጽል ስማቸው «የቀያሹ መንገድ» የሚባለው። አለቃዬ ዘንድሮ አዲስ ነገር አምጥቷል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ በወፍራም ቀይ መስመር ይሳላል፤ ሌላው ቀጭን ነጠብጣብ ይሆናል። ካርታ ገዝቶ ከሚመጣው ሰው ከመቶ ዘጠናው የሚያየው ወፍራሙን ብቻ ነው። ጽሑፉን ማንም አያነብም።

ወፍራሙን ለአባባ መንገድ ሰጥቼዋለሁ። ፈቃድ ልጠይቅሽ አይደለም የጻፍኩት። የመንገዱን ልክ አባባ ራሳቸው በየሁለት ወሩ እርምጃ በእርምጃ ይጽፉልኛል። ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ማደሪያ ቤትሽ ስንት አልጋ እንዳለው፣ ከደጅሽ እስከ መጀመሪያው ድልድይ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ። ሥዕሉ ወደ ማተሚያው የሚገባው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው፤ ስለዚህ አትዘግዪ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 29

ለባለ ማስመሪያው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከዳገቱ ሥር ተነሥቶ እስከምትቀመጥበት ፎቅ ድረስ ይውጣልህ። ጉልበቴን ጠይቀሃል፤ ጉልበቴ ደህና ነው። የሚያመኝ ጆሮዬ ነው፣ ያውም አንተን ከሰማሁ ወዲህ። አባባ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ስሜልሃለሁ፤ «ማነው?» አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ ደስ አላቸው።

አልጋው አሥራ አንድ ነው። እስከ ድልድዩ ለጤነኛ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል። ይኸው መለስኩልህ። አሁን ደግሞ ያልጠየቅከኝን ልመልስልህ።

የምዕራቡ መንገድ የለም። ደክሟል ወይም ተበላሽቷል ማለቴ አይደለም፤ የለም። ካቻምና ክረምት ጠባቧ ላይ ናዳ ወረደ። ጠባቧን ታውቃታለህ፤ በስተግራህ ግድግዳ፣ በስተቀኝህ ባዶ፣ በመሀል አንድ ሰው በጎኑ ሆኖ የሚያልፍባት። አርባ ሜትር ያህል ቦታ ከነድንጋዩ ተገንጥሎ ገደል ገባ። አሁን እዚያ ብትቆም የሚታይህ የተላጠ ተራራና አየር ነው። መሪዎቹ ከዚያ ወዲህ ሰው አልወሰዱበትም። እኔም አልሄድኩም። በደህናው ጊዜም ቢሆን የአራት ቀኑ ሰውን ቶሎ ስለሚያወጣ ሦስተኛው ቀን ላይ ራሱን ይዞ የሚያስመልስ ብዙ ነበር፤ በምሥራቅ ግን ከፍታውን ቀስ እያለ ነው የሚለምደው።

አንድ መሪ ያነሣውን ፎቶ በፖስታው ውስጥ ከትቼልሃለሁ። እየው። ከዚያ ወፍራሙን መስመር በምሥራቅ በኩል አድርግና ሁላችንም እንረፍ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የዚህን ነገር አባባን አትጠይቃቸው። ለኔ ተዋቸው።

እህትህ


ግንቦት 20

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለአሥራ አንዱም አልጋ።

ፎቶውን አየሁት። ጭጋግ፣ ድንጋይ፣ ጥግ ላይ የአንድ ሰው ኮፍያ። ይህ የየትኛውም ተራራ ገደል ሊሆን ይችላል። ጠባቧ ላይ አንዲት ጥድ ነበረች፤ ፎቶው ላይ ጥድ የለችም። ቀን አልተጻፈበትም። የዚህ ዓይነት ፎቶ ይዞ የሚመጣን ሰው እኛ ቤት ከደረጃው ነው የምንመልሰው።

በሥራችን አንድ ደንብ አለ። ስለ አንድ መንገድ ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ከተናገረ፣ የሚታመነው መጨረሻ የረገጠው ነው። አንቺ በገዛ እጅሽ «አልሄድኩም» ብለሽ ጽፈሻል። አባባ ግን በመጋቢት ጠባቧን አልፈው ዋሻው ድረስ ወጥተው መመለሳቸውን፣ ከምንጩ ጀምሮ ያለውን እርምጃ አንድ ሳያጎድሉ ጽፈውልኛል። የሰማንያ ዓመት ሰው ያለፈበትን መንገድ አንቺ «የለም» ትይኛለሽ። ታዲያ ማንን ልመን?

መሪዎቹንም አትጥሪልኝ። አንዱም ሳይቀር ሻዩን የሚጠጣው አንቺ ቤት ነው፤ ደንበኛውን የሚያሳድረውም አንቺ አልጋ ላይ ነው። ማደሪያሽ የተሠራው በምሥራቁ መንገድ አፍ ላይ መሆኑን እኔ ብረሳ ካርታው አይረሳውም። ወፍራሙ መስመር በደጅሽ ካለፈ ማን እንደሚጠቀም ለማወቅ ቀያሽ መሆን አያስፈልግም።

«አባባን አትጠይቃቸው» ያልሽው ደግሞ በጣም ገርሞኛል። አባቴ ናቸው። ያ መንገድ በዚህ ዓለም ላይ ስማቸው የተጻፈበት ብቸኛ ነገር ነው። ምን ብታደርጊ በኔ እርሳስ አታጠፊውም።

ወንድምሽ


ሰኔ 11

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥህ፤ ልብም ጨምሮ ይስጥህ።

ትናንት ሁለት ሴቶች በቃሬዛ ልናወርድ ሄደን ነበር። አንዷን ነው በቃሬዛ ያወረድነው፣ ሌላዋ እያለቀሰች ተከተለች። ጓደኛሞች ናቸው፣ አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት። ያለ መሪ በምዕራብ ወጥተዋል። ጠባቧ ሲደርሱ መንገድ ያጣሉ። ካርታቸውን ያዩታል፤ ካርታው አለ ይላል። ዓይናቸውን ያዩታል፤ የለም ይላል። ካርታውን አመኑና ከናዳው በላይ ዞረን እናልፋለን ብለው ሲቧጥጡ አንደኛዋ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተሰበረች። ስድስት ሰው ሆነን ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተሸከምናት፤ በዚያ ላይ ዝናብ። መጨረሻ ላይ እቤቴ አስገብቼ ጫማዋን በመቀስ ቀድጄ ሳወልቅ ካርታው ከኪሷ ወደቀ። የድሮው እትም ነው። ጥግ ላይ ስምህ አለ።

አሁን «ካርታው ጀርባ ላይ ‹ያለ መሪ አትሂዱ› የሚል ጽሑፍ አለ» እንዳትለኝ። ጽሑፉን ማንም አያነብም ያልከው አንተው ነህ።

ጥቅም አለሽ ብለኸኛል። አለኝ። ሰው በደጄ እንዲያልፍ እፈልጋለሁ፤ አልጋዬ ባዶ ሲያድር ይከፋኛል፤ ምን ልደብቅህ። ግን እኔ ስለተጠቀምኩ የተናደው መንገድ አይገጠምም። ሁለቱም እውነት ነው። አንተ ግን አንዱን እውነት ይዘህ ሌላውን ትደበድብበታለህ።

ጥዷን ጠይቀሃል። ጥዷም አብራ ገደል ገብታለች፤ መሬቱ ሲሄድ እሷ ምን ላይ ትቁምልህ?

ስለ አባባ ደብዳቤ ከአንተ መስማቴ ነው። እሳቸው ጽፈው ያሽጉታል፣ እኔ ቁልቁል ወርጄ ፖስታ ቤት እጥላለሁ፤ የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም። እስቲ የመጋቢቱን ላክልኝ። ሙሉውን ነው፣ አንተ የወደድከውን ብቻ አይደለም።

እህትህ


ሐምሌ 2

ለተከበሩ የማደሪያ ቤት ባለቤት፣

ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለተጎዱት መምህርት ከልብ አዝኛለሁ። ይሁን እንጂ ከተሰመረ መንገድ ወጥቶ ወደ ላይ የሚቧጥጥ ሰው ለሚደርስበት ነገር ካርታ ሠሪ ተጠያቂ አይሆንም። አደጋውንም ከኔ ጋር ላለዎት ክርክር መጠቀሚያ ማድረግዎ አሳዝኖኛል።

የጠየቁትን የአባቴን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ልኬያለሁ። የምሠራበትን መንገድ እንዲረዱ ያህል፦ የአባቴ ደብዳቤ በደረሰኝ ቁጥር ከታች መብራት ባለው የመስተዋት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ቁጥሮቹን ብቻ በሰማያዊ እርሳስ አሰምርባቸዋለሁ፤ እርምጃውን፣ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን። ከዚያ ወደ ሰንጠረዥ እገለብጣለሁ። የአራት ዓመት ሃያ ሦስት ደብዳቤ አለኝ። በሃያ ሦስቱም ከምንጩ እስከ ጠባቧ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለ ምስክር በሃያ ዓመት ሥራዬ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ውሳኔዬ እንደጸና ነው። ወፍራሙ መስመር በምዕራብ ያልፋል። ከእንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ ባይጽፉልኝ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር


ሐምሌ 19

አንተ፣

ከመቼ ወዲህ ነው «እርስዎ» የሆንኩት? ሰባት ዓመት ቀድሜህ ተወልጄ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ ነህ፤ ንፍጥህን በቀሚሴ ጠርጌያለሁ። የተከበሩ ብለህ ብትጽፍልኝ የተከበርኩ፣ አንተም የራቅክ መሰለህ። አልሸሹም ዞር አሉ።

ደብዳቤውን አነበብኩት። አሁን አንተ አንብበው። ሰማያዊውን ሳይሆን የተረፈውን። አጠገብህ ከሌለ እኔ ልጻፍልህ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው፦

«ከምንጩ እስከ ጠባቧ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ። ጠባቧ ላይ ታናሽ ወንድሜ ቀድሞኝ አልፎ እንደ ልማዱ እየሳቀብኝ ገመዱን ያዘልኝ። ልጄ ከኋላዬ ነው። አሥር ዓመት አልሞላውም፤ እግሩ ግን አይንቀጠቀጥም። ከጠባቧ እስከ ዋሻው ሁለት መቶ ስምንት።»

አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ አስምረሃል። ሁለት መቶ ስምንት ላይ አስምረሃል። በመሀል ያለውን ዘለኸዋል።

ታናሽ ወንድማቸው አባቴ ነው። አባቴ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ቀብሩ ላይ ከኔ አጠገብ ቆመህ ነበር። በመጋቢት ገመዱን የያዘላቸው ማነው? ከኋላቸው ያለው አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ማነው? አንተ ነህ። አርባ ሰባት ዓመትህ ነው።

አባባ ጠባቧን ካለፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። በየማለዳው የቀለም ቆርቆሯቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የመንገዱን ምልክት ሊያድሱ። ምንጩ ጋ ይደርሱና እዚያ ያለውን አንድ ድንጋይ ቀብተው ይመለሳሉ። በማግስቱም ያንኑ። ሦስት ክረምት አንድ ድንጋይ። ቀለሙ ጣት የሚያስገባ ውፍረት አውጥቷል። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ እንዳያዩኝ ሳር የማጭድ እመስላለሁ። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ይጽፉልሃል። ያልወጡትን እንደወጡ አድርገው ሊዋሹህ አይደለም። ለሳቸው ወጥተዋል። ቁጥሩ የማይሳሳተውም ለዚህ ነው፤ ተራራው ሲለዋወጥ እሳቸው ውስጥ ያለው አይለዋወጥም።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። ከሦስት ዓመት በፊት ምን ብለህ እንደጻፍክልኝ ታስታውሳለህ? «አባባ ከደከሙ ከተማ ውስጥ ለአረጋውያን ጥሩ ቤት ስላለ አልጋ ላስይዝላቸው።» እኔ እሳቸውን ለነጭ ግድግዳ አልሰጥም። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ይኸው ዝምታዬ የመምህርቷን እግር ሰበረ፤ የኔንም ድርሻ አውቀዋለሁ፤ ያንተን አንተ እወቅ።

አሁን መስመርህን አስምር።

እህትህ


ነሐሴ 26

እትዬ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም፤ ይለፈኝ።

እሁድ እሁድ ማተሚያ ቤቱ እየሄድኩ፣ ሠራተኛው በሌለበት፣ ሃያ ሦስቱን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ከመጀመሪያው አነበብኳቸው። አራት እሁድ ፈጀብኝ። ቁጥሩ ከተነቀለ የሚቀረው እኔን የሚጠይቅ ነው። በአሥራ አራቱ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ «አንተ ያለህበት ይበርዳል ወይ? ካፖርት አለህ?» አሥራ አራት ጊዜ። አንዴም አልመለስኩም። የኔ መልስ ሁልጊዜ «ከዋሻው እስከ ጫፉስ ስንት እርምጃ ነው?» ነበር። እሳቸው ደግሞ የጠየቅኳቸውን ይመልሱና የራሳቸውን እንደገና ይጠይቃሉ። መጠየቃቸውን ረስተው ይሁን፣ መልስ እየጠበቁ ይሁን አላውቅም።

ይህን ያህል ለራሴ ተናዝዣለሁ። አሁን ላንቺ።

ሦስት ዓመት ደበቅሽኝ። የአባቴ ጭንቅላት እየከዳቸው መሆኑን ከዶክተር አልሰማሁም፣ ካንቺም አልሰማሁም፤ በክርክር መሀል እንደ ድንጋይ ወረወርሽብኝ። መምህርቷ ባትሰበር፣ እኔም ወፍራሙን መስመር ወዳንቺ ደጅ ባደርግልሽ ኖሮ ዛሬም አትነግሪኝም ነበር። እውነት ነው አይደለም? መንገዱ ስለ ጠፋ ነው የነገርሽኝ እንጂ አባቴ ስለ ጠፉ አይደለም። ይህን አልረሳልሽም።

እንደጠረጠርሽው ለአረጋውያኑ ቤት ጻፍኩላቸው። ክፍል አለን ብለዋል። የሚያክም ሰው በየቀኑ አለ። ሳር የሚያጭድ መስሎ የሚከተል ሳይሆን፣ ለሥራው የተማረ ሰው። ተዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ።

የካርታውን ነገር እኔ እወስናለሁ።

ወንድምሽ


ጳጉሜ 4

ለወንድሜ፣

ይቅርታህ ሳያልቅ ቁጣህ ጀመረ። እንዲያም ሆኖ አዲሱ ዓመት ማስተዋል ያምጣልህ።

የጠየቅከኝን በቀጥታ እመልሳለሁ፤ አዎ፣ ባታስገድደኝ አልነግርህም ነበር። ከፋህም ደስ አለህም ይኸው ነው። አባባ ከዚህ ቤት አይወጡም። ከአልጋቸው ወርደው ስንተኛው እርምጃ ላይ በሩ እንዳለ ያውቃሉ፤ በሩ ደግሞ ወደ ተራራው ይከፈታል። እዚያ ስትወስዳቸው ኮሪደር ላይ ምንጩን ሲፈልጉ ይውላሉ። ሊወስዳቸው የመጣ መኪና ካለ በኔ ላይ ነድቶ ይለፍ፤ ሹፌሩም ቢሆን እኔ ቤት ሳያድር ከዚህ አይመለስም፤ አሥራ አንደኛው አልጋ ባዶ ነው።

እኔ ካንተ የምጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ መስመሩ በየት አለፈ? ወቅቱ ሊከፈት አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ንገረኝ፤ ቢያንስ ቃሬዛውን ከየት በኩል እንደማስቀምጥ ልወቅ።

እህትህ


መስከረም 19

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ። እኔ አለሁ።

ሥዕሉ ትናንት ማተሚያው ገባ። ወፍራሙ መስመር በምሥራቅ ነው። የምዕራቡን ነጠብጣብም አላደረግኩትም። ነጠብጣብ ሲያይ «እስቲ ልሞክረው» የሚል ደፋር አይጠፋም። ስለዚህ ከምንጩ ጀምሮ ፋቅሁት፤ በምላጭ፣ ቀስ ብዬ፣ ከታች ወደ ላይ። ጠባቧ ጋ ስደርስ እጄን አሳረፍኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። መስመሩ ከሄደ ስሙ በባዶ ተራራ ላይ ሊቆም አይችልምና «የቀያሹ መንገድ» የሚለውንም አወጣሁት። አሁን በዚያ በኩል ያለው ቡናማ ጥላ ብቻ ነው።

የማደሪያ ቤትሽንም ምልክት አውጥቼዋለሁ። ወፍራሙን መስመር ለዘመዱ ደጅ ሸጠ እንዳይሉኝ። ልክ እንደኔ አንቺም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ሆነሽ ትቆያለሽ፤ ይህን ነው የፈለግሽው አይደል?

ስለዚያ ቤት፤ ክፍሉን ለሌላ ሰጥተውታል። እንደገና እስኪገኝ ድረስ ይቆዩ። አሸነፍኩ እንዳትይ።

ሲታተም ሦስት ቅጂ እልካለሁ። ለአባባ እንዳታሳዪአቸው። ወይም አሳዪአቸውና አንቺው ንገሪአቸው፤ መደበቅም መናገርም ካንቺ የሚሻል የለም።

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ለወንድሜ፣

ሰላም ይብዛልህ። ይህን ለራሴ ብዬ የምጽፈው እንዳይመስልህ፤ ታዝዤ ነው። የታዘዝኩትን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ።

በመጀመሪያ የኔን ልጨርስ። ወቅቱ ተከፍቷል፤ ሰው ሁሉ በምሥራቅ እየወጣ ነው። ካርታህን ዘርግተው በደጄ ያልፉና «እዚህ ማደሪያ ቤት መኖሩን አናውቅም ነበር» ይሉኛል። ማድቤት ቆሜ አመሰግንሃለሁ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ አሁን ድልድዩ ጋ ዝናብ የመታው ሰው የት እንደሚጠለል ካርታህ አይነግረውም። ግን በምዕራብ የሄደ አንድም ሰው የለም። ቃሬዛው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል። ይህን ያደረግከው አንተ ነህ፤ ይህን አልክድህም።

ሦስቱ ቅጂ የደረሰ ቀን እኔ ቁልቁል ልብስ ላጥብ ወርጄ ነበር። ፖስተኛው ለአባባ ሰጣቸው። ፖስታው ላይ ያለውን ያንተን እጅ ጽሑፍ እኮ አይረሱም፤ የኔን ስም አንዳንድ ቀን ይረሳሉ፣ የአንተን «ለ» ግን አይረሱም። ስመለስ የእንግዶቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውት፣ አራቱን ጥግ በአራት ኩባያ አስይዘው፣ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለዋል። ሌባ ጣታቸው ምንጩ ላይ ነው። ምንጩን አግኝተውታል። ከዚያ ወደ ላይ ይሄዱና ይቆማሉ። ይመለሳሉ። እንደገና ከምንጩ ይጀምራሉ። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ ሲያደርጉ ዋሉ። እኔ በሩ ላይ የልብስ ቅርጫት ይዤ ቆሜ አፌ አልፈታ አለኝ። መናገር ካንቺ የሚሻል የለም ብለኸኝ ነበር። ተሳስተሃል።

መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አወለቁና ምን አሉ መሰለህ? አልተቆጡም። «መንገዱማ ይኖራል፤ ልጄ ሠርቶት ሳለ እኔ ነኝ የማላየው፤ ዓይኔ ሄዷል» አሉ። ካርታውን በደንብ አጥፈው ሊተኙ ገቡ።

ተናደድኩ። ባንተ፣ በራሴ፣ በተራራው። ከእንግዶች መዝገብ ላይ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ካርታውን ከራስጌያቸው ወስጄ ማድቤት ሄድኩና የፋቅከውን አሰመርኩት። ከምንጩ ወደ ሸንተረሩ፣ በጠባቧ በኩል፣ ዋሻው፣ ከዚያ ጫፉ። ስሙንም ጻፍኩበት። እኔ እንዳንተ ማስመሪያ የለኝም፤ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፣ እጄም እንዳልነበረ ሆኗል፤ ልብስ ሳጥብ ነው ያረፈድኩት። ለማንኛውም አሰመርኩት። ሌሎቹን ሁለት ቅጂዎች ደብቄያለሁ። ይኼኛው ከሳቸው ትራስ ሥር ነው፤ እንግዳ እጅ አይገባም፤ ለዚህ ማልልሃለሁ።

ከእንቅልፋቸው ሲነቁ አገኙት። ደስታቸውን ልነግርህ አልችልም። ጣታቸው ከምንጩ ተነሥቶ እየቆጠሩ ወጡ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ጠባቧን አገኙ፤ ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ካርታውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«ይኼ መስመር ጠሟል» አሉኝ። «ልጄ እንዲህ አያሰምርም። እጁ ይንቀጠቀጣል። ታሟል ማለት ነው፤ እናንተ ደብቃችሁኛል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋያቸውን አልቀቡም። ቆርቆሮውን አይነኩትም። ጠዋት ሲነሡ የሚጠይቁኝ ስላንተ እጅ ነው፤ ማታም እንደዚያው። ሌላውን ሁሉ ሲረሱ ይህን አልረሱም። «ጻፊለት፤ አሞት ከሆነ እኔ እሄዳለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ይሉኛል። ሰኞ ዕለት ጫማቸውን አስረው በሩ ላይ አገኘኋቸው። እኔ አሰመርኩት ብዬ ብነግራቸው መንገዱም አብሮ ይወሰድባቸዋል፤ ስለዚህ አልነገርኳቸውም፤ እንግዲህ ይህንንም ደበቅሽ በለኝ።

ጻፍላቸው። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ሳይሆን በገዛ እጅህ፣ ቀጥ ባለ ጽሑፍ፣ ዛሬውኑ። ደህና ነኝ በላቸው። ይበርዳል፣ ካፖርት አለኝ በላቸው። ለኔ መልስ አያስፈልገኝም።

እህትህ